ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት

«ሃያ አምስቱን!» አለ ልጁ፣ ታናሽ እህቱን አስከትሎ፣ ገና የሱቁን ደፍ ሳይረግጥ።

እትዬ ሞተር ከጠረጴዛቸው ቀና አላሉም። በአንድ እጃቸው የተፈታ ካርቡሬተር ይዘው በሌላው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉታል። በሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ከሚሸጡና ከሚጠግኑ ሰዎች መካከል ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«መጀመሪያ ደህና አደሩ ይባላል» አሉ።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ። ሃያ አምስቱን።»

«ጀልባህ ስንት ጉልበት ትችላለች?»

«ሃያ አምስት ነዋ! ፋብሪካው የለጠፈባት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።»

«እሷ ናት ያለችህ ወይስ አንተ ነህ ያልካት?»

ልጅቷ ከወንድሟ ጀርባ ቆማ ሳቋን ዋጠች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ የሚሞላ ቅጽ፣ የሚጻፍ ማመልከቻ፣ የሚነበብ ደብዳቤ ሁሉ ወደ እሷ ስለሚመጣ ወንድሟ «ፀሐፊዬ» ነው የሚላት፤ እሷ ደግሞ «ካፒቴን» ትለዋለች። ዛሬም ያስከተላት የሚጻፍ ነገር አይጠፋም ብሎ ነው። እሱ እስክሪብቶ መጨበጥ ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። አባታቸው በብየዳ ብርሃን ዓይኑ ሲደክም፣ ትምህርቱን አቋርጦ ጀልባዋን ተረከበ።

ሞተሮቹ ግድግዳውን ታከው በእንጨት ማቆሚያ ላይ ተደርድረዋል። ሃያ አምስቱ መሃል ላይ ነው፤ ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከጎኑ ያሉትን ልጆቹ የሚያስመስል። ወንድሟ ሄዶ አናቱን እንደ ፈረስ ደባበሰው።

«ይሄን ሁሉ ጉልበት ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉ እትዬ ሞተር።

አስረዳቸው። ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ሠራተኞቹን የምታሻግረው ጀልባ ተበላሽታበታለች። ጠዋት ስድስት ሰው ወስዶ ማታ የሚመልስ ይፈልጋሉ። ሞተሩን እነሱ ይገዛሉ፣ ጀልባና ነጂ ከእሱ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ መንገዱ ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ። እስከ ቅዳሜ ካልቀረበ ሌላ ሰው ይይዛሉ።

«በአሁኑ ሞተራችንማ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ስምንት ጉልበት! ዳክዬ እኮ ናት የምትቀድመኝ።»

«ስድስት ሰው ነው ያልከኝ?»

«ከስድስቱ አንዷ እናታችን ናት። እዚያ ነው የምታጸዳው።»

እትዬ ሞተር ብሩሹን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን አዩት።

«ትንሽ ቢተርፍስ ምን ችግር አለው፣ እትዬ?» አለ እየሳቀ። «ጉልበት ሲተርፍ ማን ጠላ?»

«ከባድ ሞተር ኋላዋን ቁልቁል ይጎትታታል። አንተ ፊት ፊቱን እያየህ ትነዳለህ። ድንገት ስትቀንሰው፣ ራስህ ያስነሳኸው ውሃ ከኋላ ይደርስብህና ይገባል። ሰው ሞልተህ ጭነህ ባልዲ ፍለጋ ስትነሳ አበቃ።»

ወንድሟ አሁንም ይስቃል። እሳቸው አልሳቁም። ከመሳቢያቸው አንድ ስስ ወረቀት አውጥተው ለልጅቷ ሰጧት።

«ጀልባዋ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ታውቂዋለሽ አይደል? ይሄን ወረቀት ላዩ ላይ አጥብቀሽ ትይዥና እርሳስሽን አጋድመሽ ታሻሺዋለሽ። ጽሑፉ ራሱ ይወጣል። የወጣውን ይዛችሁልኝ ኑ። በቃል አልሸጥም።»

«በስልክ ፎቶ ባነሳውስ?» አለ ወንድሟ። «አቦ፣ እትዬ፣ ስንት ዘመን ነው!»

«ፎቶ የሚያሳየኝ ላዩን ቀለም ብቻ ነው» አሉና ወደ ካርቡሬተራቸው ተመለሱ።

ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ሳለ ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብባ ጨርሳ ነበር። የተጻፈ ነገር ካየች ሳታነብ ማለፍ አይሆንላትም፤ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን። በአንድ በኩል የጀልባ ርዝመት፣ ከላይ ደግሞ የኋላዋ ስፋት ተዘርዝሯል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ትልቁ የሞተር ጉልበት ተጽፏል። ትናንሾቹ ጀልባዎች ያሉበት ረድፍ ላይ ሃያ አምስት የሚባል ቁጥር አላየችም። በዚያን ጊዜ ግን ምንም አላሰበችም።

*

ጀልባዋ በግቢያቸው ውስጥ በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጣለች። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ አሉሚኒየሟ ግራጫ ሆኖ ውሏል፤ አይዘንብም፣ አይገልጥም። ወንድሟ ከውጭ ሆኖ ሆዷን ያጥባል፣ ያፏጫል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጀልባዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ተንበርክካ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እርሳሷንም አጋድማ ማሻሸት ጀመረች።

ደስ የሚል ሥራ ነበር። ከምንም ውስጥ ፊደል ይወጣል። ትልቁ ሞተር፣ 25። ሰው፣ 6። ርዝመት፣ 4 ሜትር ከ80። ጠርዙን ለማስተካከል እርሳሷን ትንሽ ዝቅ አደረገችው፤ ከሰሌዳው ግርጌ በታች ሁለት ክቦች ወጡ።

ወረቀቱን አንስታ አየች። ብረቱ ላይ ምንም የለም፣ ግራጫ ቀለም ብቻ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ተበይደው፣ ተሞርደው፣ ተቀብተዋል። የጥንቃቄ ሥራ ነው። ዓይን አያገኘውም፤ እርሳስ ግን አገኘው። ሰሌዳው የታሰረው በአራት ብሎን ነው፤ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ሌላ፣ ጠበብ ያለ ነገር የታሰረባቸው ይመስላሉ።

ቀጥሎ ወደ ርዝመቱ ተመለሰች። አራት ሜትር ከሰማንያ? የእነሱ ቤት ትልቁ ክፍል ራሱ አራት ሜትር ነው፤ ወለሉን ሲያስነጥፉ ለክታው ታውቃለች። ጀልባዋ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ብትገባ ቦታ ይተርፍ ነበር።

የአባቷን ሜትር ከበሩ ኋላ አመጣች። ሦስት ሜትር ከስልሳ አምስት። ተሳስቻለሁ ብላ እንደገና ለካች። ለሦስተኛ ጊዜም ለካች። የኋላዋ ስፋት አንድ ሜትር ከአሥራ ስድስት። ግድግዳው ላይ ያነበበችው ሠንጠረዥ ሳትጠራው መጣላት። ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ የተጻፈው አሥር ነው።

«አለቀ?» አለ ወንድሟ፣ ጭንቅላቱን በጀልባዋ ጠርዝ ብቅ አድርጎ። ወረቀቱን ቀማት። ከጽሑፉ ሁሉ አንዱን ቁጥር ብቻ ነው ያየው። «ሃያ አምስት! አላልኩሽም? ፀሐፊዬ፣ አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ!» አናቷን በእርጥብ እጁ አሻሸ። «ዙሪያውን በመቀስ አስተካክይው፣ ቆሽሿል። ነገ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እንሄዳለን።»

«ካፒቴን…»

«ወይ?»

ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ፊቱን አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም።

«ምንም» አለች።

*

አባቷ ከቤቱ ጀርባ፣ በድሮው የብየዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ብሎኖችን በመዳሰስ ይለያል፤ ትልልቁን ወደ አንዱ ቆርቆሮ፣ ትንንሹን ወደ ሌላው። ማንም አላዘዘውም። ሥራ የለመደ እጅ ስለሆነ ነው።

«አባዬ፣ የጀልባችን ሰሌዳ የራሷ ነው?»

እጁ ቆመ።

«ማነው የጠየቀው?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

የያዘውን ብሎን ወደ ቆርቆሮው ጣለው። ጎረቤት ውስጥ ሬዲዮ ይጮኻል፤ የኳስ ጨዋታ ነው።

«የራሷ ሰሌዳ አሥር ነበር የሚለው» አለ በመጨረሻ። «አሥር ጉልበት፣ ሦስት ሰው። አራት ሰው ጭነህ ተገኘህ ብሎ የወደቡ ተቆጣጣሪ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ያን ሰሞን ደግሞ አንድ የተሰባበረ ረጅም ጀልባ ለቁርጥራጭ እየቆረጥኩ ነበር። ሰሌዳው እጄ ላይ ቀረ። ቀዳዳዎቹን እኔው በየድኩ፣ እኔው ሞረድኩ፣ እኔው ቀባሁ።» ትንሽ አሰበና «እስካሁን ማንም አላየውም» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ስድስት ሰው ጭነህ ታውቃለህ?»

«አራት። አንዴ አምስት። ሞተሩ ስምንት ነው፣ እኔም የማልቸኩል ሰው ነበርኩ። ነፋስ ካየሁ አልወጣም። ማንም ምንም አልሆነም።»

«እሱ ግን ሃያ አምስት ሊገጥምባት ነው፣ አባዬ። ስድስት ሰው ጭኖ። እማዬንም ጭኖ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።» ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዓይኖቹ ግን ከጆሮዋ አጠገብ አልፈው ሄዱ። «ምን ብዬ ልንገረው? ትምህርቱን ጥሎ ጀልባዋን ሲረከበኝ ምን አለኝ መሰለሽ? “ያንተ እጅ የነካው ነገር ስለሆነ አልፈራም” አለኝ። እዚያ ወደብ ላይ ሁሉም ያታልላል ብሎ ነው የሚያስበው። ከእኔ በቀር።»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎኖች አየች።

«የቀዳዳዎቹ ክቦች ለእትዬ ሞተር ባሻሸሁት ወረቀት ላይ ወጥተዋል» አለች።

«ቁረጪያቸዋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ ብሎ እንዲነዳ እኔ እመክረዋለሁ። የኔ ልጅ፣ ስለ እኔ ብለሽ።»

አባቷ ለምኗት አያውቅም። ውሃ እንኳን ሲፈልግ «ውሃ» ነው የሚለው። አሁን ግን እጁ ጠረጴዛው ላይ እጇን እየፈለገ ነበር። አገኘውና ያዛት። ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው። ልታስለቅቀው አልቻለችም፣ እሺ ልትለውም አልቻለችም።

*

እናቷ ስትገባ ጀምበሯ እየጠለቀች ነበር። የጤና ጣቢያው ጀልባ ከተበላሸች ወዲህ ሐይቁን በእግሯ ዞራ ነው የምትመጣው፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ቁጭ ስትል ወንበሩ አብሯት ያቃሰተ መሰለ።

«በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ሰው ልገባ ነው» አለች እራት ሲቀርብ። «ለነርሶቹ ነግሬያቸዋለሁ። የልጄ ጀልባ ላይ ፊት ወንበር የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ ብያለሁ።»

«ለአንቺ ትራስም አደርግልሻለሁ፣ እማዬ» አለ ወንድሟ። «የንግሥት ወንበር!»

«አንዷ ነርስ ዋና አልችልም ብላ ፈርታለች።»

«አንቺስ ትችያለሽ እንዴ?»

«እኔን ማን አስተምሮኝ!» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

አባቷ ካጎነበሰበት ቀና አላለም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ተወችው። ወረቀቱ ጭኗ ላይ፣ ደብተሯ ውስጥ ነው። መቀሱም እዚያው ነው። ክቦቹ ካሉበት ጠርዝ እስከ ሰሌዳው መስመር ያለው ርቀት የጣት ጥፍር አይሞላም። አንዴ ሸርተት ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም፣ እትዬ ሞተርም ቢሆኑ፣ የሚያዩት ነገር የለም።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ቀለም ጠጣሽ እንዴ?» አለ ወንድሟ።

«ፈተና አለብኝ» አለች። ፈተና አልነበረባትም።

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄዱ ወንድሟ አፉ አልተዘጋም። ሥራው ከተያዘ በኋላ ትምህርት ቤት ዳግም እንደሚመዘገብ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ ማጥናት እንደሚችል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እሷና እሱ አንድ ክፍል ገብተው መምህሩን ግራ እንደሚያጋቡ ነገራት።

«እኔ ግን ኋላ ነው የምቀመጠው» አለ። «አንቺ ፋራ ስለሆንሽ ፊት ትቀመጫለሽ፣ እኔ ከጀርባሽ እኮርጃለሁ።»

አንድ የፈረሰ አጥር ጋ ሲደርሱ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ የሚያውቀው ሰው ሰላም አለው። ውሃ ማደያው ጋ እንደገና ሞከረች። «ካፒቴን፣ ጀልባዋን ለክተሃት ታውቃለህ?» አለችው። «አባዬ ለክቷታል፣ በቃ» አለና ወደ ወሬው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ታየ።

እትዬ ሞተር ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አቀኑት። ዙሪያው አልተቆረጠም። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቁጥሮቹን አነበቡ፤ ከዚያ ጣታቸው ወደ ግርጌ ወርዶ አንዱ ክብ ላይ ቆመ። እስክሪብቶ አውጥተው ወደ ልጅቷ ገፉት።

«ያሻሸው ሰው ከስር ይፈርማል» አሉ። «ይሄ የጀልባችን ነው ብሎ።»

«እኔ ልፈርም፣ እትዬ፣ ጀልባዋ የኔ ናት» አለ ወንድሟ።

«አንተ ነህ ያሻሸኸው?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያው እሷ ትፈርም።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን ያዘች። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሞተሩ ሰጥታ ታየቻት። ውሃው በኋላ በኩል ሲገባ ከሁሉም በመጨረሻ የምታውቀው እሷ ናት። የአባቷም እጅ ታያት፣ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልጋት።

«ፈርሚ እንጂ!» አለ ወንድሟ። «ይረፍድብሻል።»

ጎንበስ ብላ በዚያ ሁሉም በሚያደንቀው ጽሕፈቷ ጻፈች። «ሰሌዳው የሌላ ጀልባ ነው። የእኛ ጀልባ ርዝመት 3 ሜትር ከ65፣ የኋላ ስፋት 1 ሜትር ከ16።» ከስር ፈረመች።

ወንድሟ ከጎኗ ሆኖ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሩ ተከተለ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሦስት ጊዜ ለካሁት።»

«ትቀልጃለሽ?» እትዬ ሞተርን አየ፣ እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እያዩ ነበር። ወረቀቱን አነሳና ክቦቹን አየ። «አባዬ ያውቃል?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ከአባዬ በፊት ጀልባዋን የያዘ ሰው ያደረገው ይሆናል ማለትም ትችል ነበር፤ ወንድሟ ያምናታል። ማመን የሚፈልግ ፊት ነበር ወደ እሷ ያዘነበለው።

«ያውቃል» አለች።

«አንቺስ?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«ከትናንት!» ሳቀ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «እማዬን ትራስ አደርግልሻለሁ ስላት እየሰማሽኝ ነበር። ሁለታችሁም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። በመስታወቱ በኩል ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ሲሄድ አየችው፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቆመ። እጁን ኪሱ ከትቶ እንደገና መሄድ ጀመረ።

«ለጀልባችሁ የሚሆነው አሥር ነው» አሉ እትዬ ሞተር። «ሰውም ከሦስት አይበልጥ። ዛሬ ግን አትንገሪው፣ አይሰማሽም።»

«ቅዳሜ ያልፋል» አለች ልጅቷ። «ሌላ ሰው ይይዛሉ።»

«አዎ» አሉ። የሚያጽናና ነገር ፈልገው ያጡ ይመስል ነበር። «ይይዛሉ።»

ስትወጣ የትምህርት ቤቷ ደወል እየተደወለ ነበር። ጥቂት ቆማ አዳመጠችው። ወንድሟ ወደቡ ላይ ይቆያል፤ ሲናደድ እንዲህ ነው፣ ውሃውን እያየ ይቆማል። ከዚያ ግን ወደ ቤት ይሄዳል። አባቷ ለብቻው ሆኖ በሩ ሲከፈት ይሰማል፤ ምን እንደመጣበትም አያውቅም።

ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ቤት ዞረች።

አባቷ የብየዳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እግሯን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ከትምህርት ቤት ምነው ቀረሽ?»

አንድ ባዶ ሣጥን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ነገርኩት፣ አባዬ።»

የአባቷ ፊት ቀስ እያለ አረጀ፤ ዓይኗ እያየ።

«ምን አለ?» አለ ቆይቶ።

«ሲመጣ እሱ ይነግርሃል።»

«ይቆጣል።»

«ይቆጣል» አለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እስኪመጣ አልሄድም። አብሬህ እቆያለሁ።»